ሁለት ብልቃጥ

ጉተማ ገርባ ከዕድሜው ግማሹን ያሳለፈው በባለተሳቢ መኪና መሪ ላይ ነው። ከአዳማ እስከ ጅቡቲ ድንበር ጋላፊ አስፋልቱ የቱ ጋ እንደተቦረቦረ፣ ግመል የቱ ጋ መንገድ እንደሚያቋርጥ፣ የመተሃራ ንፋስ በየትኛው ወር ተሳቢውን እንደሚገፋ ዓይኑን ጨፍኖ ይናገራል። ሁሩታ ደግሞ ለአዳማ ቅርብ ነው፤ በዴራ በኩል ሚኒባስ ከተያዘ የተጀመረ ወግ ሳያልቅ ይደረሳል። ያቺን አጭር መንገድ ግን ጉተማ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልሄደባትም።

ሁሩታ ሚስቱ ዘውድነሽ አለች። ሜቲ የምትባል ልጅም አለችው፤ አንድ ቀን እንኳ አቅፏት አያውቅም።

ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ አይደለም። ዘውድነሽ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች አዋሽ ላይ ለሹፌሮች ድንኳን ተተክሎ የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግ ነበር። የሥራ ጓደኛው ወዬሳ «ና አብረን እንግባ፤ ምን አለበት» ብሎ እጁን ይዞ አስገባው። ወዬሳ እየሳቀ ወጣ። ጉተማን ግን አንዲት ነርስ ወንበር ስባ ለብቻው አስቀመጠችው። ብዙ ነገር ነገረችው፤ እሱ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወዲያ ያለውን አልሰማም።

ያን ሳምንት መኪናውን አዳማ አቁሞ ለሚስቱ ሊነግራት ወደ ሁሩታ ሄደ። እንዴት እንደሚጀምር ሲያወጣ ሲያወርድ ደረሰ። ምሳ ቀርቦ፣ ገና እጁን ሳይታጠብ ዘውድነሽ ቀደመችው።

«ትናንት ክትትል ነበረኝ፣ ጉቴ። ደሜን ወስደው ያላዩት ነገር የለም። ከሁሉም ነፃ ነሽ አሉኝ!»

ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከድን ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ግን አልከደነችም። ጉተማ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። «እግዜር ይመስገን» አለ። ከልቡም ነው ያለው። ሊነግራት ያሰበውን ግን ዋጠው። ይህችን ሴት እንዳለች ልተዋት፣ እኔ ከራቅኋት ምንም አይነካትም ብሎ አሰበ። በማግስቱ ጭነት ደርሷል ብሎ ወጣ። ለአንድ ሳምንት ነበር ሐሳቡ። ሳምንቱ ወር ሆነ፤ በወሩ መኪና ተበላሸ አለ፤ በሌላው ወር ጅቡቲ ወደብ ተዘጋግቶ ነው አለ። ሜቲ ስትወለድ ሚሌ ላይ ጎማ እየቀየረ ነበር። ዘውድነሽ ስትወልድም ተመርምራ ነፃ መሆኗን በስልክ ሰማ፤ መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያ ዜና ሊያቀርበው ሲገባ ይበልጥ አራቀው። መራቄ ደግ ነበር አለ።

መድኃኒቱን ለመውሰድ ወለንጪቲን መረጠ፤ እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም። በስድስት በስድስት ወር ጤና ጣቢያው በር ላይ ይደርሳል፣ ብልቃጦቹን ይቀበላል፣ ይወጣል። ነርሷ «ትንሽ ይቀመጡ፣ እንጫወት» ስትለው «መኪና መንገድ ላይ አቁሜያለሁ» ይላታል። በየዓመቱ ደም ይሰጣል፤ ውጤቱ «አይታይም» ይላል፤ ምን ማለት እንደሆነ ቆሞ አልጠየቀም። መኪናው ውስጥ ሲገባ የብልቃጡን ወረቀት በጥፍሩ ፍቆ ያነሳና እንዳይንኳኳ ጥጥ ይጠቀጥቅበታል። በቀን አንድ ክኒን ነው፤ አንድ ቀን አላጓደለም። በዚህ ማንም አይወቅሰውም።

ናፍቆቱን ግን ምንም አልያዘለትም። ከአዳማ ወጣ ሲል፣ አየሩ ጥርት ባለበት ጠዋት፣ የአርሲ ተራሮች በስተደቡብ ይታያሉ። ያኔ የመስኮቱን መስተዋት ዝቅ ያደርጋል። ዘውድነሽ ይሄኔ ምን እየሠራች ነው ይላል፤ አሁን ደጁን እየጠረገች ነው፣ አሁን ልጅቷን ትምህርት ቤት እየላከች ነው እያለ ቀኑን አብሯት ይውላል። ዝዋይ ወይም መቂ ከወረደ ሽንኩርት፣ መርቲ በኩል ካለፈ ብርቱካን ገዝቶ ለሁሩታ ሚኒባስ ሹፌር ይሰጣል። ጫማም ይልካል። አዳማ ገበያ ጫማ ሻጩ «ቁጥር ስንት?» ሲለው «የስድስት ዓመት ልጅ ናት» ይላል። ሻጩ «እግሯን አላየኸውም እንዴ?» ብሎ ሲስቅ እሱም አብሮ ይስቃል። በልኩ ይሁን፣ ይጥበባት፣ አያውቅም። ከዘውድነሽ የሚመጣው መልእክት አንዲት ቃል ነበረች፦ «ደርሷል።» በበዓል ቀን ሲደውል ከጀርባ የልጅ ድምፅ ይሰማል። አገናኚኝ ለማለት አፍ አልነበረውም።

በዚህ መሃል ወዬሳ ሞተ። ያ ድንኳኑ ውስጥ እየሳቀ የወጣ ሰው ሆዱ አብጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ በጉበት ቫይረስ ሄደ። ጉተማ ቀብሩ ላይ ቆሞ የራሱን ሆድ ዳሰሰ። በሳምንቱ አዳማ አንድ የግል ክሊኒክ ገብቶ ተመረመረ፤ የጉበት ቫይረስ በእሱም ደም ውስጥ ተገኘ። ሐኪሙ የተለመደውን ጥያቄ ጠየቀው።

«ኤችአይቪ ተመርምረዋል?»

«አዎ። ነፃ ነኝ።»

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም።»

ሁለቱንም ሲመልስ ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም፤ ውሸቱን ለዓመታት ተለማምዶታል። ሐኪሙ በሰማው መሠረት አዘዘለት። እንዲህ ሆኖ ጉተማ የሁለት ብልቃጥ ባለቤት ሆነ። የወለንጪቲው በግራ ኪሱ፣ የአዳማው በቀኝ ኪሱ። ሁለቱንም ጠዋት ጠዋት በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይውጣቸዋል። ሁለት በሽታ ነው፣ ሁለት መድኃኒት ነው፤ ለእሱ ሒሳቡ ልክ ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ እግሩ ይሰማው ጀመር። መጀመሪያ የመንዳት ድካም መሰለው። ሕመሙ ግን ሥጋው ላይ አልነበረም፤ አጥንቱ ውስጥ ነበር። ውኃ ይጠማዋል፣ ይጠጣል፣ መኪናውን በየኪሎ ሜትሩ አቁሞ ከጎማው ኋላ ይቆማል። ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ እየገዛ ዋጠ፤ ሲያስታግሰው ደገመ። ያም በእሳት ላይ ቤንዚን ነበር፤ እሱ ግን ያን ጊዜ አላወቀም።

የጉበቱን መድኃኒት የሚገዛበት ወንጂ ማዞሪያ አካባቢ ያለ መድኃኒት ቤት ነው። ፋርማሲስቷ አያንቱ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ነገረ ሥራዋ ግን የትልቅ ሰው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጉተማ ገብቶ ጠንከር ያለ ማስታገሻ ጠየቃት።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጉተማ» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠችውና «ባለፈው ሳምንትም ወስደው ነበር እኮ» አለችው።

«አልያዘልኝም።»

ባንኮኒውን ተደግፎ ነበር። ቀና ለማለት ሲሞክር ጉልበቱ ታጠፈና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ያ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ብልቃጥ ከጃኬቱ ኪስ ወጥቶ ተንከባለለ፤ ክዳኑ ተከፈተ፤ አንድ ነጭ ክኒን ከጥጡ ጋር ወጣ። አያንቱ ሮጣ ወጣች። አንስታው ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ክኒኗን ከወለሉ አነሳች። ወረቀቱ ቢፋቅም ክኒኗ ላይ የተቀረጸውን ምልክት ታውቀዋለች። ቆመው የነበሩትን ሁለት ሰዎች አስተናግዳ ሸኘች፤ በሩን ገርበብ አደረገችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችው።

«ይህንን ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው የሚወስዱት?»

ጉተማ ወለሉን አየ። መዋሸት ለምዶ ነበር፤ ያን ቀን ግን አቅም አጣ። «ዘጠኝ ዓመት» አላት።

«እኔ የምሰጥዎትንስ? የጉበቱን?»

«አብሬ።»

አያንቱ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ የጉበቱን መድኃኒት ብልቃጥ ከመደርደሪያ አውርዳ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም በጣቷ እያሳየችው አነበበችለት። «ቴኖፎቪር። ይህቺኛዋ ክኒን ደግሞ ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ይኸው ቴኖፎቪር ነው። ስማቸው ተለያይቶብዎት እንጂ፣ ኦቦ ጉተማ፣ በየቀኑ አንድን መድኃኒት እጥፍ አድርገው ሲወስዱ ነው የኖሩት። ይህ መድኃኒት ሲበዛ የሚጎዳው ኩላሊትን ነው። አጥንትንም ይነካል። ማስታገሻው ደግሞ ጭራሽ አባባሰው።»

«አንዱን ለቫይረሱ፣ አንዱን ለጉበቱ ነው'ኮ…»

«የወለንጪቲዋ ብቻዋን ለሁለቱም ትበቃ ነበር።»

ጉተማ ይህን ሲሰማ ሁለቱንም ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ገፋቸው። «እንግዲያው ሁለቱንም አቆማለሁ።»

«እንደሱ እንዳያደርጉ!» አለች አያንቱ፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ። «በድንገት ሁሉንም ካቆሙ ሁለቱም ቫይረስ ይነሳል፤ ጉበቱ ክፉኛ ይቆጣል። የኔን ዛሬ ይተዉት፤ የወለንጪቲዋን ምን እናድርጋት የሚለውን ሐኪም ይወስናል። አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሁሉንም ነገር ይንገሩ። ሁሉንም። እኔ እጽፍልዎታለሁ።»

ጻፈችለትም። የሚወስደውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ፣ ማስታገሻውን ሳታስቀር። ስትጽፍ ቀና ብላ፦ «ቤት ማን አለ? አብሮዎት የሚሄድ» አለችው።

«ማንም የለም። ቤተሰቤ ሁሩታ ነው። እንዳይነካቸው ብዬ ነው የራቅሁት።»

«የቫይረሱን መጠን ተለክተው ያውቃሉ?»

«በየዓመቱ። አይታይም ነው የሚሉኝ።»

«ትርጉሙን ነግረውዎታል?»

«ቆሜ አልሰማሁም።»

አያንቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልትናገር ያለችው ነገር ከባድ እንደሆነ የገባት ይመስላል፤ ቀስ ብላ ተናገረች። «መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ፣ ቫይረሱም በምርመራ የማይታይ ሰው በግንኙነት ለሚስቱ አያስተላልፍም። ለመጀመሪያ ጊዜ አይታይም የተባሉት መቼ ነው?»

ጉተማ ቆጠረ። ሜቲ ጥርስ ያወጣችበት ዓመት ነበር። ኩላሊቱ ተጎዳ ሲባል ያልደነገጠው ሰው ያኔ ደነገጠ። በእግር የሚሄድ ሰው እንኳ በአንድ ቀን ከሚደርስበት ቤት ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ ርቆ መኖሩን፣ ማንም ያላሰረውን ሰው ራሱ አስሮ ማስቀመጡን በአንዲት ጥያቄ አወቀ።

ሆስፒታል አስራ አንድ ቀን ተኛ። ኩላሊቱ ክፉኛ ደክሞ ነበር። ሐኪሟ ቴኖፎቪሩን አውጥታ ለኩላሊት በሚስማማ ለወጠችለት፤ ጉበቱንም፣ ኤችአይቪውንም የሚሸፍን አደረገችው። «እድለኛ ነዎት» አለችው፤ «ትንሽ ቢቆይ የኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ ነበር የምንገናኘው። የሄደው ግን ሁሉም ላይመለስ ይችላል።» አልጋው ላይ ተኝቶ ለዘውድነሽ ለመደወል ስልኩን ስንቴ አነሳ፣ ስንቴ አስቀመጠ። ይህ በስልክ የሚነገር ነገር አልነበረም።

ከወጣ በሦስተኛው ሳምንት የሁሩታ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ። ከዴራ ወዲያ የስንዴው ማሳ ቢጫ ሆኖ ሲታየው አንገቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሄደ።

ዘውድነሽ ወፍጮ ቤት ትሠራለች። ሲደርስ ሞተሩ ይጮኻል፤ ሰልፉ በር ድረስ ነው። ቅንድቧ ላይ ዱቄት ተነስንሶ ሽበት መስሎታል፤ ቀረብ ሲል ግማሹ እውነትም ሽበት ነበር። አየችው። ከንፈሯ «ጉቴ» ሲል አየ፤ ጩኸቱ ድምፅዋን ዋጠው። ወዲያው ፊቷ ተዘጋ። ዞረችና ስንዴ መመዘኗን ቀጠለች። ሰልፉ እስኪያልቅ አስጠበቀችው፤ ጉተማም እንደማንኛውም ባለጉዳይ በግድግዳው ተደግፎ ጠበቀ።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀመጡ። ጉተማ ከአዋሹ ድንኳን ጀምሮ ነገራት። ወለንጪቲን፣ ወዬሳን፣ ሁለቱን ብልቃጥ፣ አያንቱ ያለችውን፣ አንድም አላስቀረም። ዘውድነሽ የመዳፏን ዱቄት እያሸች ሰማችው።

«ለማን ብለህ?» አለችው ሲጨርስ።

«ለአንቺ። ለልጅቷ።»

«ጠየቅከኝ?»

ጉተማ የተቀመጠበትን ጆንያ ጫፍ አጠፈ።

«እኔ'ኮ ሌላ ሴት ይዘሃል ብዬ ነው። ሚሌ ላይ። መልኳን ሳይቀር አውቀዋለሁ። ረዥም አድርጌ፣ ቀይ አድርጌ፣ ጥርሰ ፍንጭት አድርጌ እኔው ፈጠርኳት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሌለች ሴት ስቀና ኖርኩ፣ ጉተማ።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው መልሳ አጠነከረችው። «ብትነግረኝ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አስውጥህ ነበር። ሁለተኛ ብልቃጥ ይዘህ ብትገባ ይሄስ ምንድን ነው ብዬ እጨቀጭቅህ ነበር። የሚጨቀጭቅህ ሰው ነው ያጣኸው።»

ጉተማ ይቅርታ ማለት ጀመረ፤ እጇን አንስታ አስቆመችው።

«ቤት ግባ አልልህም። ዛሬ አልልህም። ቀጠሮህ መቼ ነው?»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሐሙስ።»

«እመጣለሁ። ከሐኪሟ አፍ ልስማው።»

በቀጠሮው ቀን ዘውድነሽ የሜቲን ያለቀ ደብተር ይዛ ከጉተማ ጎን ተቀመጠች። ሐኪሟ የምትለውን ጻፈች፤ ያልገባትን አስደገመች። ወገቡን ሲያመው ምን ይውሰድ? ለጨጓራ የሚሸጠው ክኒን ከዚህ ጋር ይጋጫል? ሌላ ከተማ ቢታመምስ? ሐኪሟ አንድ በአንድ መለሰችላት፤ ማንኛውም መድኃኒት ቤት ሲገባ ዝርዝሩን ሳያሳይ ምንም እንዳይገዛ አጥብቃ ነገረቻቸው። የጉበቱ ቫይረስ ክትባት እንዳለው ነግራት፣ እሷም ሜቲም ተመርምረው እንዲከተቡ ወረቀት ሰጠቻት። በመጨረሻ ዘውድነሽ አንገቷን ደፍታ ጠየቀች።

«ታዲያ ያ… አይተላለፍም የሚሉት፣ እውነት ነው?»

«መድኃኒቱን እስካላቋረጡ፣ ቫይረሱም በምርመራ እስካልታየ ድረስ፣ አዎ። በግንኙነት አይተላለፍም። ልጅም ይወለዳል።»

ዘውድነሽ አልጻፈችውም። ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው።

«ስንት ልጅ እንወልድ ነበር» አለች፤ እሱን አላየችውም።

ጉተማ ደብተሩን ከእጇ ተቀበላት።

አሁን ዓመት ሊሞላ ነው። ኩላሊቱ አብዛኛው ተመልሷል፤ ሁሉም ግን አልተመለሰም። የጅቡቲን መንገድ ትቶ በአይሱዙ ከዴራና ከኢተያ እህል ወደ አዳማ ያመላልሳል። አዳማ ያለውን ክፍሉን አልለቀቀም። ቅዳሜ ማታ ሁሩታ ይገባል፣ ሰኞ ጠዋት ይወጣል። ዘውድነሽ መጀመሪያ ሳሎን አነጠፈችለት፤ ከፋሲካ ወዲህ አላነጠፈችም። አልፎ አልፎ ዝም ብላ ታየዋለች፤ ያን ጊዜ ሐሳቧ የት እንዳለ ያውቃል፣ አይጠይቃትም።

ሜቲ ጨዋ ልጅ ናት። አባትሽ ታሞ ነበር ተብላለች፤ ሌላውን ስታድግ ይነግሯታል። ውኃ ታቀርብለታለች፣ ደብተሯን ታሳየዋለች፣ የሒሳብ ጥያቄ አብረው ይሠራሉ። እናቷን «አንቺ» ነው የምትለው፤ እሱን ግን ለእንግዳ ሽማግሌ እንደሚባለው «እርስዎ» ትለዋለች። ማንም አላዘዛትም፤ አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነው። አንድ ቀን ጉተማ «አንተ በይኝ እንጂ» አላት። ልጅቷ አፍራ ሳቀች፤ እንደ እናቷ አፏን በእጇ ከደነች። «እሺ፣ እልዎታለሁ» አለችው።

ባለፈው አርብ ስልኩ ጮኸ። መኪናውን ዳር ይዞ አነሳው።

«ነገ ይመጣሉ?» አለች ሜቲ።

ጉተማ ትንሽ ጠበቀ። የጠበቀው «ትመጣለህ» አልመጣም። «እመጣለሁ፣ እናቴ» አላትና ማርሹን አስገባ።